ከእጄ የወጣው ፌስታል

ነገሩ የጀመረው በሁለት ኪሎ የማሽላ ዱቄት ነው። እንዲህ ሲባል ቀላል ይመስላል። እኔ ግን ዓመት ሊሞላኝ ነው እያሰብኩት። ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ አስበዋለሁ፣ ሽንኩርት ስከትፍ አስበዋለሁ፣ ልጄን አስተኝቼ ደግሞ አስበዋለሁ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምር።

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ አንዲት ጠባብ ባልትና ቤት አለች። ቀይ ማሽላ፣ በሶ፣ ተልባ፣ አብሽ፣ የደረቀ የሽፈራው ቅጠል፣ ማር፣ ዓይናችሁ እያየ የሚፈጭ የባቢሌ ኦቾሎኒ ታገኛላችሁ። ጠዋት ከሄዳችሁ የግመል ወተትም አለ። ባለቤቷን ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። እኔን ወደዚያ የወሰደኝ ስኳሬ ነው። ከፍ ከፍ ማለት ጀምሮ ነበርና ሐኪሙ "ነጭ ዱቄትና ጣፋጭ ቀንሺ" አለኝ። ቢሮ አብራኝ የምትሠራ ልጅ ሱቋን አሳየችኝ።

የመጀመሪያው ቀን ቸኩዬ ነበር። ባጃጁ ሞተሩን ሳያጠፋ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። ዱቄቱ ተመዘነ፣ ሒሳቤን ከፈልኩ፣ እጄን ዘረጋሁ። እትዬ "ፌስታል አንሰጥም ልጄ፣ ዕቃ ይዘሻል?" አሉኝ። አልያዝኩም። "እንግዲያው ጣሳ ላውስሽ፣ ስትመጪ ትመልሺልኛለሽ" አሉ። ጣሳ ታቅፌ ቢሮ ልገባ? ተናደድኩ። ገንዘቤን ከፍዬ ደግሞ በምን ልውሰደው ብዬ ልጨነቅ እንዴ? ምንም ሳልመልስ ወጣሁ። መንገዱን ተሻግሬ ከፊት ለፊት ካለው ኪዮስክ አንድ ሰማያዊ ፌስታል ገዛሁ። ተመልሼ መጥቼ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩት።

እትዬ አንድ ቃል አልተናገሩም። ፌስታሉን ከፈት አድርገው ዱቄቱን ቀስ ብለው ገለበጡልኝ። አፉን ቋጠሩት። "በጤና ብዪው" አሉኝና ወደሚቀጥለው ሰው ዞሩ።

ቢቆጡኝ ኖሮ እኔም ተቆጥቼ እረሳው ነበር። ያ ዝምታቸው ነው ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ የመጣው። በሳምንቱ ዱቄት ሲያልቅብኝ ሌላ ሱቅ መሄድ እችል ነበር። ግን የጨርቅ ቦርሳ ይዤ እሳቸው ጋ ተመለስኩ።

ቅዳሜ ጠዋት

እትዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ሱቁ በር ላይ፣ ኒም ዛፏ ሥር ሰሌን ያነጥፋሉ። የድሬ ፀሐይ ሳይበረታ ነው እንግዲህ። የመጣ ሰው ይቀመጣል። ሆጃ ይፈላል። የቡና ገለፈትን ሳይጥሉ፣ በወተት አፍልተው እንዲህ የሚጣፍጥ ነገር የሠሩ ሰዎች አገር ላይ ተቀምጠን ስለ ቁጠባ ከሩቅ ትምህርት መጠበቃችን ሁልጊዜ ይገርመኛል።

የሚመጣው ሰው ብዙ አይደለም። ሲሞላ ሃያ ቢሆን ነው። ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሠራተኛ አሉ፤ ከሳቢያን የምትመጣ ነርስ አለች፤ ከገንደ ቆሬ ልጆቻቸውን አዝለው የሚመጡ ሁለት እናቶች አሉ። አንድ ቀን በሶ አቆላል እንማማራለን። ሌላ ቀን የተቀደደ ልብስ ይዘን መጥተን እንሰፋለን። የቃሪያ፣ የጎመን፣ የፓፓያ ዘር እንለዋወጣለን። አትክልት ያጠብንበትን ውሃ ለተክል ማዋልን እንኳ እዚያ ነው የተማርኩት። በኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ እኔ ግን ያንን ሁሉ ውሃ ስደፋ ነበር የኖርኩት።

ከሁሉም የወደድኩት ኮምፖስቱን፣ ከልጣጭና ከቅጠል የሚሠራውን ማዳበሪያ ነው። ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በግብርና የተመረቀ አንድ ወጣት ነው ያስተማረን። ሁለት እጅ ደረቅ፣ አንድ እጅ እርጥብ። ደረቁ ቅጠል፣ ጭድ፣ የተቀዳደደ ካርቶን ነው። እርጥቡ ደግሞ ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የጎመን ግንድ። በእጅ ጨብጣችሁት መያያዝ አለበት፣ ውሃ ግን መንጠብ የለበትም። ድሬ ላይ ችግሩ ቶሎ መድረቁ ነውና ጥላ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ በማዳበሪያ ከረጢት መሸፈን ይሻላል። በየሳምንቱ ማገላበጥ አለ። በዚህ ሙቀት ሦስት ወር ገደማ ቢፈጅበት ነው።

እኔ ጓሮ የለኝም። በተቆረጠ በርሜል ጀመርኩ። የመጀመሪያው ወር ገማብኝ፣ ጎረቤቴም በደንብ ነገረችኝ፣ እውነቷን ነው። ልጁን ስጠይቀው "እርጥቡ በዝቶበት አየር አጥቶ ነው፣ ደረቅ ቅጠል ጨምሪበትና አገላብጪው" አለኝ። ጨመርኩ። በጥቂት ቀን ሽታው ጠፋ። በስተመጨረሻ ያ ሁሉ ልጣጭ ጠቁሮ፣ ዝናብ የነካው አፈር አፈር ሲሸት እጄን ከትቼበት ዝም ብዬ ቆሜያለሁ። አሁን በረንዳዬ ላይ ያለው ቃሪያ የበቀለው በሱ ነው።

ስኳሬም ወረደልኝ። ልጄም ብስኩት ትቶ በሶ መጠጣት ለመደ። የጨርቅ ቦርሳዬን ሳልይዝ ከቤት መውጣት ተውኩ። ለጓደኞቼ ሁሉ አወራሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ኮርቼም ነበር።

የኤዶ ጥቅል

ወተቱን የሚያመጡት በሽንሌ በኩል ያሉ አንዲት ሶማሌ እናት ናቸው። ኤዶ ነው የምንላቸው። ወተታቸውን አስረክበው ባዶ ጀሪካናቸው ታጥቦ እስኪመለስላቸው ድረስ ደጃፉ ላይ አረፍ ይላሉ። አማርኛ ብዙም አይናገሩም። ሱቁ ውስጥ የሚሠራው ልጅ ግን እንደ ድሬ ልጅ ነው፣ ከሁሉም ጋር በየቋንቋው ያወራል።

የዚያን ቅዳሜ ጨዋታው "በዚህ ወር ምን ቀየራችሁ?" የሚል ነበር። ሁሉም በየተራ ተናገረ። ተራዬ ሲደርስ እኔ ረዘም አድርጌ ተናገርኩ። ስለ በርሜሉ፣ ስለ ቃሪያው፣ ስለ ስኳሬ፣ ስለ ጨርቅ ቦርሳዬ። ስጨርስ ተጨበጨበልኝ።

ኤዶ ለሁለት ሳምንት ጠፍተው የመጡት በዚያ ቀን ነው። ጭብጨባውን ሰምተው ልጁን በሶማሊኛ ጠየቁት። እሱም ነገራቸው። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ አጠገባቸው ከነበረው ጓዝ በአሮጌ ሻሽ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ለካ ለምን እንደቀሩ ለእትዬ ሊያሳዩ ነው ይዘውት የመጡት። ሻሹን ፈተው ሰሌኑ ላይ፣ የሆጃው ሲኒዎች አጠገብ አስቀመጡት።

መጠኑ የዳቦ ያህል ነው። የደረቀ፣ የጠጠረ፣ የተቋጠረ ነገር። መጀመሪያ የሥር መድኃኒት መስሎኝ ነበር። ቀረብ ስል ቀለሞቹን አየሁ። ጥቁር አለ፣ ነጭ አለ፣ የማዳበሪያ ከረጢት ክር አለ፣ ሁሉም ተገምዶ አንድ ሆኗል። በመካከሉ ደግሞ ሰማያዊ አለ።

ልጁ እየሰማ ተረጎመልን። "ከፍየሌ ሆድ የወጣ ነው" አሉ። "ስትከሳ ሣር አጥታ መስሎኝ ነበር። ሆዷ ግን ተነፍቷል። ሳትሞት አረድናት፣ ይሄ ተገኘ። ከሷ በፊት የሞተችዋም እንደዚሁ ነበረች።" ቀጥሎ ያሉትን ልጁ ለመተርጎም ትንሽ ተቸገረ። እትዬን አየ፣ እኛን አየ።

"እኔ ወተት አመጣላችኋለሁ፣ እናንተ ደግሞ ይሄን ትልኩልኛላችሁ፣ ነው የሚሉት" አለ።

ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። የሆነውን ነው የተናገሩት።

የግብርናው ልጅ ቀስ ብሎ አስረዳን። ፌስታል ጨጓራ ውስጥ ገብቶ አይፈጭም፣ ወደ ታች አያልፍም፣ ተመልሶም አይወጣም። በላዩ ላይ ሌላው ይጠመጠምበታል። ፍየሏ የጠገበች ይመስላታል፣ መብላት ታቆማለች። ሆዷ ሞልቶ በረሃብ ትሞታለች። ኤዶ ይሄ ሁሉ ሲተረጎምላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ይሄንን ከሱ በፊት ያውቁታል።

እኔ ዓይኔን ከሰማያዊው ላይ ማንሳት አልቻልኩም። የኔ ነው ማለት አልችልም። ድሬ ውስጥ በቀን ስንት ሰማያዊ ፌስታል ይሸጣል። ግን አይደለም ማለትም አልችልም።

ከኛ በታች ያለው ሜዳ

ቤቴ ስገባ ያንን ፌስታል በሐሳቤ ተከተልኩት። ዱቄቱን ቆርቆሮ ውስጥ ገልብጬ ፌስታሉን ለቆሻሻ አደረግኩት። ሞልቶ ሲቋጠር በጋሪ ለሚሰበስቡት ልጆች ሰጠሁት። የወር ክፍያዬን ከፍያለሁ። በሬን ዘጋሁ። በኔ በኩል ነገሩ እዚያ ላይ አልቋል።

አላለቀም። የድሬን የከሰዓት ነፋስ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ፌስታል እንደ ላባ ነው፣ ከክምሩ ይነሳል፣ አጥር ይዘላል፣ ከተማችንን አቋርጦ የሚያልፈው ደረቅ ወንዝ፣ ደቻቱ፣ አሸዋው ላይ ያርፋል። ዝናብ ሲመጣ ደቻቱ ጠራርጎ ይወስደዋል። ወዴት? ወደ ሰሜን፣ ወደ ሽንሌ ሜዳ። በዚያ በኩል የሄደ ሰው እሾሁን ሁሉ አይቶታል፣ ቅጠል ያወጣ ይመስል ፌስታል ለብሶ ቆሟል። ፍየል ደግሞ ከእሾህ መካከል ለቅሞ መብላት የሚያውቅ እንስሳ ነው።

አንድ ነገር አለ፣ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ እሱ ነው። እኛ የድሬ ሰዎች ከላይ የሚመጣ ነገር ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ በሌሊት ደቻቱ ከተማችን ውስጥ ገብቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። ቤቱን ያጣ፣ እናቱን ያጣ፣ ልጁን ያጣ ሰው በየሰፈሩ አለ። ከዚያ ወዲህ ዳመና በደንገጎ ተራራ በኩል ሲጠቁር ቀና ብለን እናያለን። ተራራው ተራቁቷል፣ ዛፉ ተቆርጧል፣ ላይ ያሉት ሰዎች መሬቱን ይጠብቁልን እንላለን። ልክ ነን። እኔም ብዬዋለሁ። ግን ከኛ በታችም ሰው አለ። ላይ ያለውን ስንጠይቅ ኖረን ታች ያለውን ዞር ብለን አይተን አናውቅም። ለኤዶ፣ ላይ ያሉት ሰዎች እኛ ነን።

ያን ቀን በኩራት የዘረዘርኩትን መልሼ አሰብኩት። ስኳሬ፣ ልጄ፣ ቃሪያዬ፣ ቦርሳዬ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ እንደሚባለው ነው። ማሩ ከየት እንደመጣ እጠይቃለሁ፣ ማሽላው መድኃኒት ተረጭቶበት እንደሆነ እጠይቃለሁ፣ ወተቱ ውሃ እንዳልነካው እጠይቃለሁ። ወደ አፌ የሚገባውን ሁሉ መርምሬያለሁ። ከእጄ የሚወጣው የት እንደሚያርፍ ግን አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። የጨርቅ ቦርሳውንም ቢሆን የያዝኩት እትዬን አፍሬያቸው ነው። ፍየል በሐሳቤ አልነበረችም።

ከዚያ በፊት ደግሞ ወተት የምገዛው ቀፊራ ገበያ ነበር። በምን? በፌስታል። ሻጯ በሊትር ለክታ ትገለብጥልኛለች፣ ቋጥራ ትሰጠኛለች፣ አንጠልጥዬ ቤት እወስደዋለሁ። ዘይቱም እንደዚያው፣ ጭማቂውም እንደዚያው። ያ ወተት ከእንስሳ ጡት ወጥቶ በፌስታል ተቋጥሮ ወደኔ ይመጣል፣ ወተቱ እኔ ጋ ይቀራል፣ ፌስታሉ ወደ እንስሳው ይመለሳል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም ማለት ቀላል ነው። እናቴ ቀፊራ ስትወርድ ዘንቢል ይዛ ነበር፣ አባቴ ጫቱን በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ ነበር የሚያመጣው፣ ስኳር በወረቀት ነበር የሚጠቀለለው። የኤዶ እናቶችም ወተት ያመጡ የነበረው በእጅ በተሸመነ፣ በጭስ በታጠነ ዕቃ ነው። ይሄን አንስቼ አንድ ቅዳሜ ኤዶን ጠየቅኋቸው፣ ወደዚያ መመለስ አይሻልም ወይ ብዬ። ሳቁብኝ። ጀሪካን ቀላል ነው፣ አይሰበርም፣ ወገቤን አሳርፎልኛል አሉ። ቢጫዋን ጀሪካናቸውን ዓመታት ተጠቅመውባታል፣ ክዳኗ እንኳ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። የፌስታል ዕድሜ ከሱቅ እስከ ቤት ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜው በሙሉ ለሌላ ሰው የሚተርፍ ነው። ለኔ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፣ አሮጌና አዲስ ከሚለው ነገር ጋር አይገናኝም።

ኪዮስኳ

ፌስታሉን የገዛሁባት ኪዮስክ ባለቤት የኔ እኩያ ናት። አንድ ቀን ሄጄ አወራኋት። ስለ ፍየሏ ነገርኳት። በ1999 ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ስስ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ የሚከለክል አዋጅ መውጣቱን፣ በ2017 ደግሞ ምክር ቤቱ ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ ማጽደቁን ነገርኳት። ጨርሼ ስናገር ጠበቀችኝ።

"እህቴ" አለችኝ፣ "ሩብ ኪሎ ስኳር በምን ልስጠው? አንቺ ቤትሽ ቅርብ ነው፣ ቦርሳ አለሽ። የቀን ሠራተኛው ጠዋት ሥራ ሲወጣ ዘንቢል ይዞ ይወጣል? ማታ ሲመለስ ነው ገንዘቡን የሚያገኘው፣ ማታ ነው የሚገዛው። እኔ ፌስታል ከከለከልኩት ጎረቤቴ ጋ ይሄዳል፣ ስኳሩንም ሻይ ቅጠሉንም እዚያ ይገዛል።"

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። ባልትና ቤቷ ጋ የምንሰበሰበው ሰዎች አንድ ኪሎ፣ ሁለት ኪሎ የምንገዛ ነን፣ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሰሌን ላይ ለመቀመጥ ጊዜ ያለን ነን። በሩብ ኪሎ ለሚኖር ሰው ያለ ፌስታል መኖር ማለት ሌላ ወጪ ነው። ይሄንን ሳናስብ ሰው ላይ ጣት መቀሰር ነውር ይመስለኛል። አዋጁ ያስፈልጋል፣ ከልቤ ነው የምለው፣ ግን ለሩብ ኪሎዋ የሚሆን ርካሽ የወረቀት ከረጢት አብሮ ካልመጣ ሸክሙ የሚወድቀው ከሁሉ በፊት እሷና የቀን ሠራተኛው ላይ ነው።

እኛ የቻልነውን ጀምረናል። እትዬ ጣሳዎቹን ቁጥር ጽፈውባቸው በደብተር መዝግበው ያውሳሉ። ወተት በጠርሙስ ሆኗል፣ ባዶውን መልሰህ ነው ሌላ የምትወስደው። ሁለት ቅዳሜ ደግሞ ሰሌኑን ትተን ደቻቱ ወረድን። ጓንት አድርገን፣ ከረጢት ይዘን፣ ከአሸዋው ላይ ለቀምን። የባቡር ሠራተኛው አባታችን በዚያ ዕድሜያቸው ጎንበስ ብለው እሾህ ውስጥ እጃቸውን እየከተቱ ሲያወጡ ሳይ እንባዬ መጣ። ከረጢቶቹ ሞልተው በጋሪ ተጫኑ። በሳምንቱ በዚያ በኩል ሳልፍ አሸዋው ላይ እንደገና ሌላ ነበር። ቀጣዩን ቅዳሜም ሄድን።

ለኪዮስኳ ልጅ ደግሞ አንድ ነገር ሞከርን። ከገንደ ቆሬ የሚመጡት ሁለቱ እናቶች ከአሮጌ ጋዜጣና ከደብተር ወረቀት ከረጢት እያጣበቁ ሰጧት። ለስኳርና ለምስር ሆነ። ለዘይት አይሆንም። ለቲማቲም በዝናብ ቀን አይሆንም። የቀረውን ገና እያሰብንበት ነው።

ባለፈው ሳምንት ሱቁ ጭር ባለበት ሰዓት እትዬን ጠየቅኋቸው። ያኔ፣ በመጀመሪያው ቀን፣ ፌስታል ገዝቼ ስመለስ ለምን ዝም አሉኝ አልኳቸው። አልረሱትም። ሚዛኑን እየወለወሉ ትንሽ ቆዩ።

"ምን ልበልሽ ልጄ፣ ያን ሰሞን እኔም ገና መተዌ ነበር" አሉኝ። "ለቤቴ የሚመጣልኝ እንጀራ በፌስታል ነበር የሚመጣው። አንቺ ተናደሽ መንገዱን ስትሻገሪ ከባንኮኒው ሥር ያለውን በእግሬ ወደ ውስጥ እየገፋሁ ነበር። በምን አፌ ልናገርሽ?"

ከዚያ ዞር ብለው ከመደርደሪያው ላይ 17 ቁጥር የተጻፈበትን ጣሳ አወረዱልኝ።

"ዛሬ ማሽላ ነው በሶ?" አሉኝ።